ከመርዶው በፊት

ይህ ነገር እኔን ያስከፈለኝ ስምንት የመጽሐፍ ገጽና አንዲት ደንበኛ ነው።

ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። አሮጌ መጻሕፍትም አሉኝ፤ መግዛት ያልቻለ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያነባል፣ በሰዓት ይከፍላል። በነጻ የሚነበበው ቤተ ክርስቲያን ነው እላቸዋለሁ።

የጎረቤቴ ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ለወጣቶች የተጻፈ አንድ የጦርነት ልቦለድ ጀምራ ሳምንቱን ሙሉ ተመላለሰች። አብረው ስለዘመቱ ሁለት ወንድማማቾች ነው። የእሷም ታላቅ ወንድም ግንባር ነበር።

ሰኞ ጠዋት፣ ከግንባር የተመለሰ የሰፈር ልጅ ወንድሟ መሞቱን ለሽማግሌዎች ነገረ። እኔም ሰማሁ። አባቷ መካነ ብርሃን ሄደው ስለነበር፣ እሳቸው እስኪመለሱ ይቆይና ጎህ ሲቀድ መርዶው ይነገር ተባለ። ደግ ሥርዓት ነው። እኔ የራሴን ወንድም ሞት የሰማሁት ዳባት ገበያ ሽንኩርት ስመዝን፣ ከማላውቀው ሰው ነው።

ከሰዓት ልጅቷ መጥታ አነበበች። ልትከፍል ስትል፣ "ተይው ዛሬ" አልኳት። ስትሄድ የቀራትን ገለጥ አደረግሁ፤ አንደኛው በወንድሙ እቅፍ ይሞታል። ማስመሪያ አስደግፌ ስምንቱን ገጽ በምላጭ አወጣኋቸው።

ማክሰኞ መጣች።

"ጋሼ፣ መጨረሻው የለም።"

"አይጥ ነው።"

"አይጡ ማስመሪያ ነበረው?"

"የደባርቅ አይጥ የተማረ ነው።"

አልሳቀችም። የተቆረጠበትን በጣቷ ዳሰሰችው።

"ትናንት ሒሳብ አልተቀበሉኝም። እርስዎ ለንስሐ አባትዎ እንኳ አይተዉም።" መጽሐፉን ከደነችው። "ጎረቤቶቹም እማዬን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። ጋሼ፣ ወንድሜ ሞቷል?"

ውሸት አጥቼ አላውቅም፤ ልጆቼን ያሳደግሁት በእሱ ነው። ያን ቀን ግን ከአፌ የወጣው፣ "አባትሽ ይምጡ" የሚል ብቻ ሆነ።

"ለእማዬ አልነግራትም" አለች። የትናንቱን ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ቦርሳዋን አንግታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሱቄን ረግጣ አታውቅም።

አባትየው ሐሙስ ማታ ገቡ። ዓርብ ሊነጋጋ ሲል ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሜያለሁ። በሩን የከፈተችው እሷ ናት፤ ለብሳ፣ ነጠላዋን አገልድማ ነበር። አንድም ቃል ሳይነገር ሄዳ ከእናቷ ኋላ ቆመች። እናቲቱ ስትወድቅ ያዘቻት።

ሦስት ሌሊት ብቻዋን ተሸክማው አድራለች። ያሸከምኋት እኔ ነኝ።