ከኮቱ ሥር የሚተነፍሰው

ልብስ ሰፊዋ ሰው የምትፈራ ሴት አልነበረችም። ሙሽራ መጥታ "ቀሚሱ ጠበበኝ" ብላ ብታለቅስ እንኳ መርፌዋን ከከንፈሯ ሳታወጣ "ቀሚሱ አልጠበበም፣ እቱ፤ አንቺ ነሽ የሰፋሽው" የምትል ናት። ባሏ ደግሞ የእሷ ተቃራኒ። አውቶብስ ነጂ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በተሳፋሪ ጩኸት ጆሮው ሲደነቁር ውሎ ቤት ሲገባ፣ ከሚስቱና ከወፎቹ በቀር ለማንም ቃል አይተነፍስም።

ወፎቹ ሁለት ናቸው። የፍቅር ወፍ ይሏቸዋል፤ ፊታቸው እንደ ኮክ የቀላ፣ ሌላው ገላቸው አረንጓዴ፣ ጭራቸው አጭር የሆነ ትንንሽ በቀቀኖች። ወንዱን ጉረኛው፣ ሴቷን እሜቴ ብሎ የሰየማቸው እሱ ነው። ፍቅር የሚለውን ስም ማን እንደሰጣቸው እንጃ! እሜቴ ባሏን እግሩን ስትነክሰው ያየ ሰው ሌላ ስም ባወጣላቸው ነበር።

ሹፌሩ ጠዋት ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ የሚያየው ከወፎቹ ቤት ሥር የተነጠፈውን ወረቀት ነው። ኩሳቸው ቀጥኖ እንደሆነ፣ ቀለሙ ተለውጦ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ይመረምራል። ሚስቱ ትስቅበታለች። "ሰው ጠዋት ጋዜጣ ያነባል፣ የእኔው ደግሞ ይሄን!"

"ሳቂ" ይላታል። "ወፍ ታሞ አይታይም። የታየ ጊዜ መሽቷል ማለት ነው። ዱር ሆኖ ጭልፊት የሚለቅመው የደከመውን ስለሆነ፣ እየሞተም ቢሆን ደህና ነኝ ይልሻል። ላባውን ነፍቶ ከተኮራመተ፣ ከእንጨቱ ወርዶ ወለሉ ላይ ከተቀመጠ፣ ጭራው በየትንፋሹ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ያን ጊዜ ቁጭ ብለሽ አትመልከቺው።"

ደግሞም ወሬ ብቻ አልነበረም። አንድ ሰሞን እሜቴ እንቁላል አልወጣ ብሏት ወለሉ ላይ ተዘርራ ስታምጥ፣ መታጠቢያ ቤቱን በሙቅ ውሃ እንፋሎት ሞልቶ፣ እሷን በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ እዚያው ተቀመጠ። ሆዷን እንዳትነካው ሚስቱን ተቆጣት፤ "እንቁላሉ ውስጥ ከተሰበረ አለቀላት!" አላት። በኋላ እንቁላሉ ወጣ። ከዚያ ወዲያ እስኪሰለቸው ድረስ "አዋላጁ" እያለች ጠራችው። ለሌላ ጊዜም እንዳይደገም ብሎ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቶ ከእህላቸው ጋር ይቀላቅልላቸው ጀመር።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ታዲያ የራሱን ነገር አላየም። ወይ አይቶ ዝም አለ። ትንፋሹ ድምፅ ማውጣት ጀመረ። ሲስብ ቀጭን ፉጨት፣ ሲያወጣ መጨረሻው ላይ ጠቅ የምትል ነገር። ሐኪም ቤት ሄዶ "የመንገድ ጭስና አቧራ ነው" ተባለና መድኃኒት ይዞ ተመለሰ። "እንዴት ነህ?" ስትለው "ደህና ነኝ" ነው መልሱ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለእንደዚህ ዓይነቱ ነው። ከግድግዳው ጋር በተጠጋው አልጋ ላይ፣ በእሱ በኩል እንደተኛ፣ ፉጨቱ አንድ ንጋት ላይ ቀረ። ልብስ ሰፊዋን ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት ዝምታው ነበር።

ካለቀሰች በኋላ ኮቱን አላጠበችውም። የሥራ ኮቱን፣ ያንን ወፍራሙን። አልጋው ራስጌ ላይ በምስማር ሰቀለችው፤ ማታ ማታ ሲያመሻሽ ደግሞ አውርዳ የወፎቹን ቤት ትሸፍንበታለች። እሱም ይሸፍናቸው ነበርና ነው፣ በሌላ ጨርቅ። ወፎቹም ከኮቱ ሥር ጸጥ ይላሉ።

"ኮቱ እኮ ሸቷል፣ እትዬ" አለቻት ታናሽ እህቷ። እህትየዋ ዳቦ ቤት ሻጭ ናት፤ ከሥራ መልስ ጎራ ትላለች።

"የሚሸተው እሱን ነው።"

"ኧረ እሱ እንዲህ አይሸትም ነበር! እርጥብ ምድር ቤት ነው የሚሸተው።"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ፤ አብረሽው ተኝተሻል?" አለቻት። እህትየዋ ፊቷ ቀላና ወሬ ቀየረች።

ዝናቡ ገብቶ በከረመ ጊዜ ነው ነገሩ የጀመረው። አመሻሽ ላይ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ ክር ስትለቅም፣ ከኮቱ ሥር ፉጨት ሰማች። ቀጭን። ከዚያ ጠቅ። እጇ ላይ የነበረው ክር ወደቀ። እንደገና መጣ፤ ሲስብ ፉጨት፣ ሲያወጣ ጠቅ። ኮቱ ትከሻው ወደ እሷ ዞሮ፣ እጅጌዎቹ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው፣ ጀርባውን ሰጥቷት የተቀመጠ ሰው መስሏል።

"መጣህ?" አለችው።

ጠቅ።

ፈራች ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ፈራች። ግን ደስ አላት። ደስታዋ ከፍርሃቷ በለጠና ወንበር ስባ ከኮቱ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ የዕለቱን ወሬ አወራችው። ስለ ደንበኞቿ፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ፣ አልዘጋ ስላለው መስኮት። ስትስቅ ያ ድምፅ ይፈጥናል። ዝም ስትል ይዘገያል። ቢያንስ ለእሷ እንደዚያ ነበር የመሰላት።

ከዚያ ወዲህ መምሸቱን የምትናፍቅ ሆነች። ደንበኛ ሲያዘገያት ትቆጣለች። ኮቱም እንግዳ ነገር ያሳያት ጀመር። ጠዋት ስታነሳው ገበሩ በቀጭን በቀጭኑ ተቀዶ ታገኘዋለች፤ እንደ እሷ ዓይነት የለመደ እጅ በመቀስ የቆረጠው ይመስላል፣ ጠርዙ እኩል ነው። አይጥ እንዲህ አይቆርጥም። "ምን እየፈለግህ ነው?" ትለዋለች ኮቱን፤ መልሳም ራስጌዋ ላይ ትሰቅለዋለች።

እውነቱን ላውጣው፦ ቀን ቀን ኮቱ ሲነሳ ድምፁ ከማን እንደሚወጣ ታይ ነበር። ጉረኛው ላባውን ነፍቶ እንደ ኳስ ተድቦልቡሎ ይቀመጣል። ጭራው በየትንፋሹ ከፍ ዝቅ ይላል። ዘሩን እየፈለፈለ ይጥለዋል እንጂ አይውጠውም። ያ ሁሉ ባሏ የነገራት ምልክት አንድ በአንድ ፊቷ ተደርድሯል። አላየሁም ማለት አትችልም። ነገር ግን ወፉ ከዳነ ዝም ይላል፤ ዝም ካለ ደግሞ ሰውዬው ሁለተኛ ሊሄድባት ነው። ስለዚህ ውሃውን ትቀይርለትና ፊቷን ወደ መኪናዋ ታዞራለች።

እህትየዋ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ድንገት ገባች። እህቷን ከኮት ጋር ስታወራ አገኘቻት። ድምፁን ሰማች፤ የእህቷን ባል አተነፋፈስ ደግሞ በደንብ ታውቀዋለች።

"ኧረ የፈጣሪ ያለህ!" ብላ በሩን ተደገፈች። "ይሄ... ይሄ እኮ የእሱ..."

"አውቃለሁ" አለች ልብስ ሰፊዋ ፈገግ ብላ። "ተቀመጪ። አትረብሺው።"

እህትየዋ አልተቀመጠችም። ሄዳ ኮቱን ገፈፈችው። ጉረኛው ከእንጨቱ ወርዶ ወለሉ ላይ ነበር፤ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑ ግማሹ ተከድኖ። እሜቴ ጥግ ላይ ቆማ ታየዋለች። በወገቧ ላባ መሃል አንድ የኮቱ ገበር ቅዳጅ ሰክታ፣ እንቁላል ወደምትጥልባት የጎጆዋ ሳጥን ልትገባ ስትል ነበር የደረሱባት።

"ይሄ ወፍ እየሞተ ነው!"

"ደህና ነው።"

"ማን አለሽ?"

ልብስ ሰፊዋ እህቷ እጅ ላይ ያለውን ኮት አየች። "ደህና ነኝ" ይላት የነበረው ማን እንደሆነ ትዝ አላት።

"ስሚኝ" አለች እህትየዋ፣ እያለቀሰች። "ሰውዬው አንዴ ሞቷል። ሁለቴ ልትገድይው ነው?"

ይህን ስትሰማ ልብስ ሰፊዋ እንደ ሕፃን ጮኻ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ የጫማ ካርቶን በመርፌ በሳሳች፣ ከታች ጨርቅ አነጠፈች፣ ጉረኛውን በሁለት እጇ አነሳችው። አጥንቱ በላባው ሥር እንደ ምላጭ ስሏል። ካርቶኑን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እህቷ ጃንጥላ ይዛላት፣ ወደ ሰፈሩ የእንስሳት ሐኪም ሮጡ። በመንገዱ ሁሉ ካርቶኑ ውስጥ ሰውዬው ያፏጫል፤ ጠቅ ይላል።

ሐኪሟ ቶሎ የማትናገር ሴት ናት። ወፉን ሙቅ ሳጥን ውስጥ አስገብታ ንጹሕ አየር ሰጠችው፤ ደረቱን አዳመጠች፣ ጉሮሮውን አየች፣ ምርመራ አደረገች፤ ከዚያ "ቤቱን በምንድን ነው የምትሸፍኑት?" አለች። ሲነገራት ኮቱንና የጎጆውን ሳጥን አምጡልኝ አለች። እህትየዋ ሄዳ አመጣች። ሐኪሟ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና የሳጥኑን ክዳን ስትከፍት፣ እሜቴ ውስጡን በሙሉ በኮቱ ገበር አንጥፋዋለች፤ ገበሩ ደግሞ ጠጉር አብቅሏል። ግራጫና አረንጓዴ፣ እንደ ለጋ ጫጩት ለስላሳ።

"ሻጋታ ነው። ሳንባው ውስጥ ገብቷል" አለች። "ሕክምናው ረጅም ነው፤ በእንፋሎት የሚሰጥም በአፍ የሚሰጥም መድኃኒት አለው። ላይድን ይችላል። ይህ ኮት ግን ዛሬውኑ ይጣል።" ኮቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ጨመረችበት፦ "የት ነበር የሚሰቀለው? ግድግዳውን እዩት። ወፍ ትንሽ ስለሆነች ክፉ አየር ቀድሞ የሚያገኘው እሷን ነው፤ ብቻዋን ነው የሚያገኘው ማለት ግን አይደለም።"

"እሺ" አለች ልብስ ሰፊዋ። እሺ ማለት ምን ያስቸግራል!

ኮቱን ከመጣሏ በፊት ቁልፎቹን ፈትታ አስቀረች፤ አጥባ፣ አድርቃ፣ በብርጭቆ አስቀመጠቻቸው። ምስማሩንም ነቀለችው። ግድግዳውን ግን አላየችም፤ ለማየት የእሱን ትራስ ማንሳት፣ የእሱን በኩል መንካት ነበረባት፣ አልቻለችም።

ጉረኛው ተሰቃይቶ ተሰቃይቶ ዳነ። መድኃኒት በሰጠችው ቁጥር ጣቷን እየነከሰ ነው የዳነው፤ ንክሻው በበረታ ቁጥር እሷም በደስታ ትሰድበው ነበር። ፉጨቱ ቀጠነ፣ ጠቅታዋ ራቀች፣ ከዚያ ሁለቱም ቀሩ። ቤቱ ዝም አለ። አለቀሰች፤ ግን እሜቴ እንደ ድሮዋ የባሏን እግር ስትነክስ አይታ መሃል ላይ ሳቀች።

አንድ ከሰዓት የስፌት መኪናዋን አቁማ መርፌ ልትሰካ ስትል ሰማችው።

ሲስብ ፉጨት። ሲያወጣ ጠቅ።

ቀስ ብላ ተነሳች። የወፎቹ ቤት ላይ ምንም አልተደረበም። ጉረኛው በአንድ እግሩ ቆሞ አንገቱን ለእሜቴ ሰጥቶ ላባውን ያስበጥራል፤ ጭራው ንቅንቅ አይልም። ድምፁ ግን አለ፣ ቅርብ ነው፣ አጠገቧ ነው።

"መጣህ?" አለች፣ በጣም ዝቅ አድርጋ።

አጥርታ ለመስማት ትንፋሿን ያዘች። ድምፁ ቆመ። ለቀቀችው፤ መጣ። ደግማ ያዘችው፤ ቆመ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ስንት ቀን አብሯት እንደነበር ማን ያውቃል።

እህትየዋ የዳቦ ፌስታል ይዛ ስትገባ ልብስ ሰፊዋን ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት።

"እንዴት ነሽ?"

"ደህ..." ብላ ጀመረችና አፏን ዘጋች። ጉረኛው በሽቦው መሃል አንገቱን ቀልሶ ያያታል። "ደህና አይደለሁም" አለች። "አልጋውን ሳቢልኝ።"

አልጋው እየጮኸ ከግድግዳው ለቀቀ። የእሱ ትራስ ያርፍበት በነበረው ላይ ግድግዳው ጥቁር ነው፣ የሰው ጭንቅላትና ትከሻ ያህል። ከዚያ ወደ እሷ ትራስ ተዘርግቷል፤ በእሷ በኩል ያለው ሻጋታ ገና አረንጓዴ ነው።

እህትየዋ አፏን በእጇ ያዘች። ልብስ ሰፊዋ ግን አልጮኸችም። "ወፎቹን አንቺ ያዢ" አለቻት ነጠላ ጫማዋን እየፈለገች። "እኔ ሐኪም ቤት ድረስ በእግሬ መሄድ እችላለሁ።"