ሁለት ቤት እያለ ሆቴል

አባቴ ሁለት ልጅ፣ ሁለት ቤት እያላቸው አሜሪካ፣ አሌክሳንድርያ ከተማ ውስጥ፣ ወደቡ አጠገብ ያለ ርካሽ ሆቴል ነበር የሚያድሩት። እንደ እኔ እዚያው አቅራቢያ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖረ አባቱን ሆቴል ያሳደረ ሰው ምን እንደሚባል ለሐበሻ መንገር አያስፈልግም። እንጀራ የምገዛበት ስቶር ያለችው ሴትዮ ሳትቀር “አባትሽ መጡ አሉ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ፤ የት ናቸው?” ስትለኝ “አሌክሳንድርያ” ብዬ ዘወር እላለሁ። ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው አሌክሳንድርያ ነውና እሱ ቤት ያሉ ይመስላታል። እኔም አላርማትም። እሱ አባቱን ያስቀመጠ ጨዋ ልጅ፣ እኔ ዞር ብላ ያላየች ሆኜ ቆሽቴ አርሮ እወጣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወንድሜ ጋር ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። እናታችን ደብረ ማርቆስ ስታርፍ እሱ ሐሙስ ዕለት ሰማ። ለእኔ ግን መርዶው እንደ ወጉ በማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ ይነገራት ብሎ እስከ ቅዳሜ ደበቀኝ። ዓርብ ከሥራ ስወጣ ሽሮ ልገዛ ስቶር ገባሁ። በቅጡ የማላውቃት ሴት መጥታ አቀፈችኝና “እግዜር ያጥናሽ፣ እናት አትጠገብም” አለችኝ። ከሌላ ሰው ጋር ተምታትቼባት ነው ብዬ ፈገግ አልኩ። ቀና ስል የሌሎቹን ፊት አየሁ። ሁሉም ያውቃሉ። ሻጯ ታውቃለች፣ ጤፍ የሚያወርደው ሰውዬ ያውቃል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሙሉ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ነኝ። እናቷ ሞታ ፈገግ አለች፤ ይኸው ነው የኔ ነገር። ያቺ ፈገግታ እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች።

ወንድሜ ለለቅሶ ሲመጣ ፊቴን አዞርኩበት። ከዚያ ወዲህ ኮል ቢያደርግ አላነሳም። ሠርግ ቤት ብንገናኝ እሱ በዚያ በር እኔ በዚህ በር። ልጅ ሆኖ እኔ ጀርባ ላይ ነው ያደገው። እቴቴ ነው የሚለኝ፤ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። እንዲህ የነበርን ሆድና ጀርባ ሆንን።

አባባ የመጡት በሁዳዴ ነው። ደለስ ኤርፖርት ሁለታችንም ሄድን፤ እሱም አበባ ይዞ፣ እኔም አበባ ይዤ፣ መሐላችን ሌላ ሰው የሚቀበሉ ሰዎች አስገብተን። አባባ ሁለታችንንም ሳሙን። ከዚያ እሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ “በአንድ መኪና ነው የመጣችሁት?” አሉ። ሁለታችንም የየራሳችንን የመኪና ቁልፍ ጨብጠናል።

“እንግዲያው ሆቴል ውሰዱኝ” አሉ። “አንድ ላይ ሆናችሁ፣ በአንድ መኪና መጥታችሁ ስትወስዱኝ ቤታችሁ እገባለሁ። እስከዚያ እንግዳ ነኝ።”

አባባ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። አንዴ ያሉትን ማስቀየር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ለመንኩ። እሱም በበኩሉ ለመነ፤ ሁለታችንም በየተራ፣ እርስ በርስ እንደማይተዋወቅ ሰው። እኔ እኮ ክፍላቸውን አዘጋጅቼ፣ አዲስ አንሶላ አንጥፌ፣ መታጠቢያው ውስጥ እንዳይንሸራተቱ የሚይዙት ብረት አስተክዬ ነበር። በመጨረሻ “ርካሽ ይሁን፣ ውሃ የሚታይበት ይሁን” አሉና ወንድሜ እዚያው ቆሞ በስልኩ ያዘላቸው።

ውሃ የሚታይበት። ወይ ጉድ! የክፍላቸው መስኮት የሚያሳየው የጎረቤት ምግብ ቤት ቆሻሻ መጣያ ነው። ወደ ውጭ ዘመም ብለው፣ ጉንጭዎን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ካዩ በሁለት ግንብ መሐል አንዲት ቀጭን ውሃ ትታያለች። ምንጣፉ የረጠበ ውሻ ይሸታል። የአየር ማቀዝቀዣው የእህል ወፍጮ ነው፤ ሲጠፋ ክፍሉ ይሞቃል፣ ሲበራ ሰው አይደማመጥም። ሊፍቱ ላይ “ተበላሽቷል” የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ጠርዙ ተጠቅልሏል። ስጠይቅ ሪሴፕሽን ያለው ሰውዬ ሕንፃው ታሪካዊ ነው ይለኛል። ለሁሉም ነገር መልሱ ይኸው ነው። ቧንቧው ሲንቀጠቀጥ ታሪካዊ ነው፣ በሩ አልገጥም ሲል ታሪካዊ ነው። ታሪካዊ ማለት አይጠገንም ማለት መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ሰፈሩም እንደዚያው። እኛ አገር ስንት ወጣት ጉልበቱን ጨርሶ ያነጠፈውን ኮብልስቶን እዚህ ሰው ከየስቴቱ እየመጣ ፎቶ ይነሳበታል። የኔን ቁርጭምጭሚት የሚጠይቀው የለም። ፓርኪንግ የለም። ካለም የሁለት ሰዓት ነው፤ ጠባቂዎቹ ደቂቃዋን ጠብቀው ቲኬት ይጽፋሉ። እኔ የምነዳው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው። ጠዋት ልጆቹን አድርሼ ከሰዓት እስክመልሳቸው ያለችኝን ክፍት ጊዜ ይዤ፣ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት መንገድ ከትራፊኩ ጋር እየታገልኩ፣ ድልድዩን ተሻግሬ አሌክሳንድርያ እደርሳለሁ። ሥራዬ መንዳት፣ ዕረፍቴም መንዳት። ወንድሜ የሚመጣው ማታ ማታ ነው። ሰዓቱን የደለደሉልን አባባ ናቸው። በተረኛ የሚጠበቁ በሽተኛ አደረግናቸው።

ስደርስ ብዙውን ጊዜ የማገኛቸው ከክፍላቸው ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነው። በሩን የሚከፍተው ካርድ ከስልካቸው ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ስለሚያድር አይሠራም። እኔ ወርጄ አሠራለሁ፣ በማግስቱ ያው ነው። ሌላ ኪስ ውስጥ ያድርጉት ብላቸው ሌላው ኪስ የዳዊታቸው ነው። አንድ ቀን በሩ እንዳይዘጋ ጫማቸውን ሰክተውበት ወደ ወደቡ ሄዱና የጽዳት ሠራተኛዋ ሰው የወደቀ መስሏት ሆቴሉን አተራመሰችው።

ምግቡማ አይነሳ። ሆቴሉ በነጻ ቁርስ ይመካል። አባባ እስከ ስድስት ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ ቢቀምሱም ወተት፣ እንቁላል፣ ቋሊማ ነው ያለው። ማይክሮዌቭ ያለው ቁርስ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ቁርስ ሲያልቅ ይቆለፋል። ስለዚህ ሽሮውን በትኩስ መያዣ አድርጌ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን አጠገቤ ቀበቶ አስሬለት አመጣለሁ። አንዴ ክዳኑ ተከፍቶ መኪናዬን አጥቦልኛል።

አባባ ግን ተመችቷቸው ነበር! ይኼ ነው ያሳበደኝ። ከዘራቸውን ይዘው ወደቡ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ውሻ የሚያንሸራሽሩትን ሁሉ በውሾቻቸው ያውቋቸዋል። ውሃውን “ባሕሩ” ይሉታል። ወንዝ ነው ስላቸው “ለእናንተ ወንዝ ይሁን፤ እኔ ሳየው የወዲያው ሰው የወዲህኛውን አይሰማውም” ይሉኛል። ነገር መሆኑ ይገባኛል፤ እንዳልገባኝ ሆኜ ሽሮዬን እከፍታለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ከመሬት ተነስተው “ወንድምሽም ይጾማል፣ አንቺም ትጾሚያለሽ፤ ተኳርፎ መጾም ግን መራብ ነው እንጂ ምኑ ጾም ነው?” አሉኝ። እኔ ምን በደልኩ? የተደበቀብኝ እኔ፣ በሰው ፊት ፈገግ ያልኩት እኔ። ይህንኑ ነገርኳቸው። ከዘራቸውን ማሻሸት ጀመሩ። እንዲያ ስላቸው ሁልጊዜ ከዘራቸውን ያሻሹ ነበር።

የሆሳዕና ማግስት ያመጣሁትን ውሃ ላስቀምጥ ትንሿን ፍሪጅ ስከፍት በእንቁላል ተሞልታለች። የተቀቀለ እንቁላል፣ ተርታውን።

“ይኼ ምንድነው አባባ?”

“የፋሲካዬ ነው” አሉ። “ጠዋት ጠዋት ለየሰዉ አንዳንድ ይሰጣሉ። የፋሲካ ለት በእሱ እገድፋለሁ።”

ሰው ልጆቹን አሜሪካ አድርሶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ መጥቶ፣ ፋሲካን ብቻውን ሆቴል ውስጥ በበረደ እንቁላል ሊገድፍ! ዶሮው ለቤቴ ታዟል፤ ሽንኩርቱ ተከትፏል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ብዙም ሳይቆዩ ይመለሳሉ። በዚህ ዕድሜያቸው ዳግመኛ ላይመጡ ይችላሉ። ቤቴን ሳያዩ፣ ያን ብረት አንዴ እንኳ ሳይዙት። እየነዳሁ ስመለስ ብቻዬን ጮክ ብዬ ስሳደብ አንዱ ከጎኔ ቆሞ በመስኮት ያየኝ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ቆርጬ ሄድኩ። አባባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። አልጋው ከፍ ያለ ነውና እግራቸው መሬት አይነካም። እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኩ።

“አባባ፣ ተሸነፍኩ” አልኳቸው። “እኔ ቤት አይግቡ። እሱ ቤት ይግቡ፣ ፋሲካንም እሱ ጋ ይዋሉ። ብቻ ከዚህ ይውጡልኝ።”

ዳዊታቸውን ከደኑት። ኪሳቸው ከተቱት።

“አትንገራት ያልኩት እኔ ነኝ” አሉ።

ወፍጮው ማቀዝቀዣ ይጮሃል፤ በደንብ ያልሰማሁ መሰለኝ። አባባ ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ተክለው ቀጠሉ። እማዬ ያረፈች ለት ወንድሜ ሊነግረኝ መኪናውን አስነስቶ ነበር። እሳቸው ናቸው የከለከሉት። ልጆች ጭና የምትነዳ ሰው ናት፣ ድንጋጤዋን ይዛ መሪ ትጨብጣለች፣ ሥራ የማትገባበት ቀን ቅዳሜ ነው፣ እስከዚያ ቻለው ብለው። ስቶሩን፣ ሴትዮዋን፣ የሰዉን አፍ አላሰቡትም። ደብረ ማርቆስ ሆነው እንዴት ያስቡታል።

“ታዲያ ለምን አይነግሩኝም? ሁለት ዓመት ሙሉ?”

“ፈራሁሽ” አሉ አባቴ። “ለሱ የዘጋሽውን በር ለኔም ብትዘጊብኝስ? በዚህ ዕድሜ እናንተን አጥቼ ምን እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። ሳልናገር ብትታረቁልኝ ብዬ ነው እዚህ የተጎለትኩት።”

“እሱስ? እሱ አፍ የለውም?”

“ልንገራት ስለው እምቢ አለኝ። እርስዎን ከምትቀየም እኔን ትቀየም አለ። እርስዎ ሩቅ ነዎት፣ እኔ ቅርብ ነኝ፤ ሲበርድላት ታገኘኛለች አለኝ።”

 እውነቱን ልናገር፣ ያዘንኩት ኋላ ነው፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ማንን ልቆጣ? እግራቸው መሬት የማይደርስ ሽማግሌ ላይ ልጩህ? መታጠቢያ ቤት ገብቼ ታሪካዊውን ቧንቧ ከፍቼ ፊቴን ታጠብኩ። ሲበርድላት ታገኘኛለች። እኔ ደግሞ ይኸውና ሁለት ዓመት አልበረደልኝም።

ለከሰዓቱ አውቶቡስ ሌላ ሹፌር እንዲተኩልኝ ሥራ ቦታ ደወልኩ። ከዚያ የወንድሜን ቁጥር ፈለግኩ፤ አላጠፋሁትም ነበር። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳው። “ና፣ አባባን እንውሰድ” አልኩትና ሌላ ቃል ሳይወጣኝ ዘጋሁት። ዕቃቸውን ሸከፍኩ። እንቁላሎቹን ልጥል ስል አባባ “የተሰጠ አይጣልም” አሉ፤ ፌስታል ውስጥ ጨመርኳቸው። ደረጃውን በዝግታ ወረድን።

ሎቢ ስንደርስ ወንድሜ ከነሥራ ልብሱ እያለከለከ ገባ። በርቀት ቆመ፤ ልቅረብ አልቅረብ የሚል ሰው አቋቋም። ጆሮው አካባቢ ሸብቷል። የእኔ ጨቅላ፣ መቼ ሸበተ? ወደ እሱ ተራመድኩ፣ ክንዴን ዘረጋሁ፣ ይኼኔ አባባ ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ሕማማት ነው” አሉ።

እውነታቸውን ነው። በሕማማት መሳሳም የለም፣ መጨባበጥ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ልስመው የምችልባቸውን ቀኖች ሁሉ በኩርፊያ ጨርሼ፣ ልስመው በቆምኩበት ቀን መሳም ክልክል ሆነ። የዘረጋሁትን እጅ ምን ላድርገው? የእንቁላሉን ፌስታል ሰጠሁት። በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ ያዘው።

“መኪናህን የት አቆምክ?” አልኩት። “በእኔ መኪና ነው የምንሄደው፤ እዚህ ሰፈር ቲኬት ይጽፋሉ።”

“ይጻፉ፣ እቴቴ” አለኝ።