የአከራዬ ቢጫ አበባ

አከራዬ ችግኙን ከወልድያ ያመጣችው ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነው። አበባው ቢጫ፣ ቅጠሉ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ የማይረግፍ። ውርጭ እንዳያገኘው በማድ ቤቱና በድንጋይ ካቡ መካከል ባለው ጥግ ተከለችው። ብርድ ሲበረታ ማታ ማታ ጆንያ ታለብሰዋለች። እኔና ልጄ በተከራየነው ክፍል በበሩ ሥር ነፋስ ይገባል ስላት ግን፣ "ጨርቅ ወትፊበት" ነበር ያለችኝ።

የምታስጠጣውም በእኔ ነበር፤ ቦኖ ተሰልፌ በጀሪካኔ በቀዳሁት ውኃ።

እኔ ስከራይ ችግኙ አድጎ ፍሬ ይዞ ነበር። ዛፉን አውቀዋለሁ። ቀድሞ በጽዳት በሠራሁበት ግቢ አንዲት ፍየል ቅጠሉን በልታ ተንፈራግጣ ሞታለች። ሲሰበር ነጭ ወተት ይወጣዋል። ልጄ ደግሞ መዳህ ጀምራ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ነበር የምትወስደው። ጠዋት ሳትነቃ የረገፈውን ፍሬ ለቅሜ ሽንት ቤት እጥላለሁ። ከዚያም እንደገና ወጥቼ አያለሁ።

"እትዬ፣ ይኼ ዛፍ መርዝ ነው። ቢያንስ በእሾህ ይታጠርልኝ" አልኳት።

"ልጅሽን እሰሪያት! ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንሽው?"

"ፍየል ሲገድል በዓይኔ አይቻለሁ።"

"በደጄ አታሟርቺ!"

ለፋሲካ በግ ገዝታ እዚያው ግቢ አሰረች። በሕማማት ዛፉን ከረከመችና የጠወለገውን ቁርጥራጭ ሰብስባ ለበጉ አቀረበችለት።

"እትዬ፣ በእመ ብርሃን ይተዉት! ይሞትብዎታል!" ብዬ ላነሳው ጎንበስ ስል በእጇ ገፋችኝ።

"ለበጌም ቀናሽ?"

ከሰዓት በኋላ በጉ አረፋ ደፍቆ ወደቀ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አከራዬ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

"አፏ ነው የገደለው! ይሞታል ይሞታል ስትል ሰነበተች!"

"ቅጠሉ አሁንም አፉ ውስጥ አለ፤ እዩት" አልኩ። ማንም ጎንበስ ብሎ አላየም። አንዲት አሮጊት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ከአጠገቤ ራቁ።

"ነገ ትወጪልኛለሽ!" አለችኝ አከራዬ።

"ነገን አልጠብቅም፣ እትዬ።"

ልጄን አዝዬ፣ ልብሳችንን በአንሶላ ቋጥሬ ስወጣ አከራዬ በእኔ ጀሪካን ዛፏን እያጠጣች ነበር። ከበሩ ውጭ ልጄን አወረድኩና አፏን በጣቴ ከፍቼ አየሁ። ባዶ ነው። እንደገና አየሁ።

ጀሪካኑን ተውኩላት።