በዓይን የተለካ ጎማ

የእህቴን ባል ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል። ማን እንዳወጣለት አላውቅም፤ እሱ ግን ከልቡ ተቀብሎታል። ሙያው ብስክሌት ላይ ትንሽ ሞተር መግጠም ነው። ሜትር አይዝም፣ ክር አይዘረጋም። ከኋላ ጎማው ዘንድ ቁጢጥ ይልና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ «ልክ ነው» ይላል። ልክ ሆኖ አያውቅም።

እህቴ እሱ በገጠመላት ብስክሌት ከዳቦ ቤት ለየሱቁ ዳቦ ታደርሳለች። ካቴናው በየመንገዱ እየወለቀ በአንድ ወር ሁለቴ አረፈደች። የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ «አንድ ቀን ከደገምሽኝ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አላት።

ኢንጂነሩ እሁድ ረፋዱን ሙሉ ታገለ። ብስክሌቱ ሁለት ካቴና አለው፤ በቀኝ የፔዳሉ፣ በግራ የሞተሩ። የግራው ሲላላበት ጎማውን ከያዙት ሁለት ዳዶዎች የግራውን ብቻ ፈትቶ ጎማውን ይጎትታል፤ ጎማው ይጣመምና የብስክሌቱን ብረት ይፍቃል። ያንን ላቃና ብሎ ቀኙን ሲጎትት ግራው ይላላል። ምሳ ሲቀርብ፣ «ችግሩ ሞተሩ ነው» አለ።

«ሁለቱንም ፈትተህ እኩል ብትስበውስ?» አልኩት። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በአንድ ወገን ብቻ የተሳበ ነገር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ቀሚስ አይደለም!»

በልቶ ጋደም ሲል እኔና እህቴ ሜትሬን ይዘን ወጣን። ስንለካው ጎማው በጣት ስፋት ወደ ግራ ዘሟል። ሁለቱንም ዳዶ ፈታን፣ እኩል ሳብን፣ ተራ በተራ አጠበቅን። እህቴ ሰፈሩን ዞራ መጣች፤ ካቴናው ንቅንቅ አላለም። ለእሱ ግን አንነግረውም ተባባልን። ይከፋዋል ብለን እኮ ነው! ሁለት ጅል።

ሰኞ ጠዋት፣ ኋላ እንደሰማነው፣ እህቴ ፊቷን ስትታጠብ እሱ ተነስቶ ጎማው ዘንድ ቁጢጥ አለ። «ትናንት ሳልጨርሰው ነው የተውኩት» ብሎ የግራውን ዳዶ ፈታና ጎተት አደረገው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለወንድም ይሠራል።

ካቴናው ዳገቱ ላይ ወለቀ። ሥራው በዚያው ቀን ለሌላ ሰው ተሰጠ። እህቴ ብስክሌቱን እየገፋች ስትገባ ኢንጂነሩ ጠብቆ፣ «ሞተሩ ነው ብያችሁ ነበር» አለ።

እህቴ ቀና ብላ ያየችው እኔን ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ «እጁ ሙያ ያውቃል፣ አግቢው» ያልኳት እኔ ነኝ።