ከአዲስ አበባ የተደወለ ስልክ

ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር ሆኜ በተቀጠርኩ በዓመቱ፣ የዩኒቨርሲቲው መጽሔት ስለ እንሰት ብቻ አንድ ልዩ እትም እንዲያወጣ ሐሳብ አቀረብኩ። መልሱን ሳልሰማ ክረምቱን ለማሳለፍ ሆሳዕና ወላጆቼ ቤት ወረድኩ። አንድ ቀን ከስልክ ቤት መልእክተኛ መጣ፤ ከአዲስ አበባ ትፈለጋለህ አለኝ።

በጃንሆይ ጊዜ እኛ ሰፈር ከአዲስ አበባ የሚደወለው ሰው ሲሞት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የሚኖረው እዚያ ነው። እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፤ ጎረቤቱ በሙሉ እያለቀሰ ተከተለን። የመጽሔት ጉዳይ ይሆናል ብል ማን ይስማኝ!

የደወሉት የመጽሔቱ አዘጋጅ ናቸው።

«ሐሳብህን አይተነዋል። እንሰት ልዩ እትም የሚያስወጣ ነገር ሆኖ አላገኘነውም።»

«እሺ ጌታዬ» ብዬ ዘጋሁ።

ስወጣ እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ወንድምህ ነው?»

«ማንም አልሞተም እማዬ። ያቀረብኩትን ሐሳብ አንፈልግም ነው ያሉት።»

«ተመስገን!» ብላ መሬት ሳመች። እልልታው ቀለጠ።

ቤት ስንደርስ ጎረቤቶች ለደስታው ቆጮና አይብ ይዘው መጡ። «ብላ እንጂ፣ ምን ሆንክ?» አሉኝ።

በላሁ።