ገና አንድ ሺህ ዓመት ይቀረኛል

ሶዶን የለቀቅኩት ሊነጋጋ ሲል ነው፤ መሰነባበቻው ግን ማምሻውን ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች የዳሞታን ተራራ የሚያህል ረጅም ጸሎት ጸለዩልኝ። ከዚያ ቦዬ፣ ያ የአገራችን ሥራ ሥር፣ በሚያቃጥለው ዳጣ ቀረበ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ጉልበቴን እንደያዘች በወላይትኛ ጠየቀችኝ።

"እዚያ ሄደህ የምትማረው ምንድን ነው?"

"የግሪኮች ቋንቋ ከጥንት እስከ ዛሬ እንዴት እንደተለወጠ።"

"ሰዎቹ አልቀዋል?"

"አሉ እንጂ።"

"ካሉ ለምን ራሳቸው አይማሩትም?"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። ሶዶ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ሰው የወደደውን ሁሉ የሚነቅፍ መጣጥፍ እጽፍ ነበር። ሰባኪዎቻችን "በግሪኩ እንዲህ ይላል" እያሉ ቃሉን የፈለጉትን ሲያስብሉት ሰምቼ አድጌአለሁ። እስቲ ሄጄ ላረጋግጥ አልኩ። ነጻ የትምህርት ዕድል ተገኘ፣ አርባ ስምንት ዓመቴ ላይ ተነሣሁ። ሌላው ለእንጀራ ይሰደዳል፣ ሌላው ነፍሱን ለማዳን፤ እኔ የተሰደድኩት ለአናባቢ ነው።

የሄድኩት ተሰሎንቄ ነው፤ አዎ፣ ያችው ደብዳቤ የተጻፈላት። ባሕሯ መልካም ነው፣ ዝናቧ ግን ዝናብ አይባልም፤ ሰማዩ ቅር ብሎት የሚያንጠባጥበው ነገር ነው። አይቧ ጨው፣ ቅቤዋ ሽታ የለሽ። ሰዉ ሰላም ሲልህ ስለ ቤተሰብህ አይጠይቅም፤ አንተ ብትጠይቀው ደግሞ ምን ሰምቶ ይሆን ብሎ ይደነግጣል።

ቤት ያከራየችኝ ኪርያ ስታቭሩላ ናት። ኪርያ ማለት እመቤት ማለት ነው፤ እሷም ትክክለኛ እመቤት ነበረች።

"ልጅ አለህ?"

"የለኝም።"

"ውሻ?"

"የለኝም።"

"የሚሸት ምግብ?"

ሻንጣዬ ውስጥ ስላለው ዳጣ ዋሸሁ።

የመኖሪያ ፈቃዴን ለማደስ የሄድኩበት ቢሮ ደግሞ ባለሥልጣኑ ወረቀቴን አገላብጦ አየኝ።

"በዚህ ዕድሜህ ተማሪ?"

"ተማሪ።"

"የኔ ልጅ እዚህ አልኖርም ብሎ ጀርመን ገባ። አንተ ከአፍሪካ ድረስ ቋንቋችንን ፍለጋ መጣህ።"

"አንድ ሰው ሲሄድ አንድ ሰው ይምጣ ብዬ ነው።"

"ወንበሩ ላይ ጠብቅ" አለኝ። ስምንት ወር ጠበቅኩ። ወረቀቱ ሳይወጣ ከአገር ብወጣ መመለሻ የለኝም። እናቴ መድከም የጀመረችው በነዚያ ወራት ነው።

በየእሑዱ እደውል ነበር። ስልኩን የምትይዝላት እህቴ አስቴር ናት።

"የት ደረስክ?" ትለኛለች እናቴ።

አንድ እሑድ፣ ትምህርቱ መካከለኛው ዘመን ላይ ደርሶ ስለነበር፣ እውነቱን ነገርኳት። "ገና አንድ ሺህ ዓመት ይቀረኛል።"

"ያን ያህል እንኳ አልጠብቅህም፣ ልጄ" ብላ ሳቀች። ቀልድ መስሎኝ እኔም ሳቅኩ።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ። እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ማልደው ይመጡና ይቀመጣሉ። መጀመሪያ "ትንሽ አሟታል" ይላሉ፣ ቀጥለው "ጠንቶባታል"፣ እያሉ እያሉ ሰውየው ራሱ እንዲደርስበት ያደርጋሉ። ሲወድቅም የሚይዘው ክንድ በግራም በቀኝም ተዘጋጅቷል። እኔ ከዓመታት በፊት ይህን ልማድ አላግጬበት ነበር። ትልቅን ሰው እንደ ሕፃን ማታለል ነው ብዬ ጻፍኩ፤ "እኔን ግን እውነቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ንገሩኝ" ብዬ ደመደምኩ። ያን ጊዜ ያጨበጨበልኝ ሰው ቢኖር አስቴር ብቻ ናት።

የኔ መርዶ የመጣ ዕለት ፕሮፌሰራችን እንዲህ ሲሉ አስተማሩ። "ማንም ሰው አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ አዲስ ግሪክኛ አልተናገረም። እናት ልጇን አናግራ ያልተግባቡበት ዘመን የለም። ሁሉ የተለወጠው በእናትና በልጅ መካከል ነው፤ ማንም ሳያውቀው።" ይህን ደብተሬ ላይ ጽፌ ወደ ኮሪደሩ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። ቀኑ እሑድ አልነበረም።

"ጋሼ፣ እማዬ ትናንት አረፈች። ዛሬ ከሰዓት እንቀብራለን።"

ግድግዳውን ያዝኩ። ተማሪዎች ቡና በወረቀት ኩባያ ይዘው በአጠገቤ ያልፋሉ።

"አስቴር፣ እንደዚህ ይነገራል?"

"አንተ ነህ ያልከው።" ድምጿ ተሰበረ። "ሽማግሌዎቹ አቴና የሚኖር የአንዳቸውን ዘመድ አግኝተው ነበር። በባቡር መጥቶ ጠዋት በርህን ሊያንኳኳ። ወንድሜ አይወድም፣ ጽፎታል ብዬ ከለከልኳቸው።"

ምን ልበላት? ያለችኝ ታዛዥ አንባቢ እሷ ብቻ ነች።

በሦስተኛው ቀን ኪርያ ስታቭሩላ በሬን አንኳኳች፤ ደረጃው ላይ ሳለቅስ ሰምታ ኖሯል። በሰሐን ስኳር የተነሰነሰበት የተቀቀለ ስንዴ ሰጠችኝ። ለሞተ ሰው የሚበላ ነው፣ ኮሊቫ ይሉታል። ንፍሮ ነው እንግዲህ፤ ንፍሮ በስኳር። እኛ ቤት ለቀስተኛው ከዚሁ እያፈሰ በድንኳን ተቀምጧል፤ እኔ ቆሜ በማንኪያ በላሁ። "የሚሸተውን ምግብህን አብስል፣ ምንም አይደል" አለችኝ። ዳጣውን ከጅምሩ ታውቅ ነበር።

እሷ ስትወጣ አስቴር ጋ ደወልኩ።

"እስካሁን ምንም አልነገርሽኝም እንበል" አልኳት። "እንደ ሽማግሌዎቹ ንገሪኝ። ከመጀመሪያው።"

የቤታችን ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ይሰማኛል፤ እውነተኛው ዝናብ።

"ጋሼ፣ ደህና አደርክ?"

"ደህና።"

"እማዬን ትንሽ አመም አድርጓታል።"

"ምኗን?"

"ደረቷን። አይዞህ፣ ትንሽ ነው።"

"ሐኪም አያት?"

"ዱቦ ሆስፒታል ወስደናት ነበር። መርፌ ወጋጓት። ስላንተ ጠየቀች፣ የት ደረሰ አለች።"

"ምን አልሻት?"

"እየመጣ ነው አልኳት።"

"አሁንስ?"

አስቴር አለቀሰች፤ ግን ጨዋታውን አልለቀቀችም። "አሁን... ደከም ብሏታል፣ ጋሼ።"

"እዚህ ላይ አቁሚ" አልኳት። "የቀረውን እሑድ ትነግሪኛለሽ።"