በሩ ላይ የቀረው ፈረስ

የቻይናና የጃፓን ልብ ወለድ ማንበብ የጀመርኩት ዳንግላ፣ ኮሌጁን ትቼ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት ነው። ግጥም እጽፍ ነበር። እናቴ ግን ለጎረቤት "ውጤት እየጠበቀች ነው" ትላለች። መናኸሪያው አጠገብ ካልሲ፣ ቻርጀርና አሮጌ መጻሕፍት አንድ ሸራ ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰውዬ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ወደ አማርኛ የተተረጎመ አንድ የቻይና ልብ ወለድ ገዛሁ። በሁለት ቀን ጨረስኩት። ሌላ ስጠይቀው የለም አለኝ። ስለዚህ በስልኬ እያወረድኩ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ፣ በእንግሊዝኛ ማንበብ ጀመርኩ። የመጀመሪያው አንድ በጋ ሙሉ ፈጀብኝ።

ለምን እንደወደድኳቸው ስጠየቅ ስለ ሰዎቹ ነው የማወራው። እዚያ ያለችው ምራት አማቷ ፊት ቀና ብላ አትበላም። ሰውዬው ልጅቷን ለልጁ ሊጠይቅ መጥቶ መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ቀጥሎ ስለ ገብሱ፣ ከዚያ እንደገና ስለ ዝናቡ ያወራል። ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ። ስማቸው ብቻ ያስቸግረኝ ነበር።

አምና ክረምት የእናቴ ታላቅ ወንድም እንጅባራ ውስጥ ዳሌያቸው ተሰበረ። ጋሼ ፈረሰኛ ናቸው። በየዓመቱ ጥር ላይ ፈረሰኞቹ ሲወጡ ዳማ ፈረሳቸውን ሸልመው ከፊት ከሚታዩት አንዱ ነበሩ። የወደቁት ግን ከፈረስ አይደለም፤ ከገዛ ቤታቸው ደጃፍ ጭቃ አንሸራቷቸው ነው። ስብራቱን ቢችሉትም ይህን አልቻሉትም። ሐኪሙ ከእንግዲህ ፈረስ ላይ እንዳይወጡ ነገራቸው።

እኔ ላስታምም ተላክሁ። መልእክትም ነበረኝ። አባቴ ዳንግላ ሲሚንቶ የሚጭን ባለ ጋሪ ነው። ፈረሱ በዚያው ሰሞን ሞቶበት ጋሪው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ስወጣ፣ "ደኅና አድርገሽ አስታምሚያቸው፤ ደስ ያላቸው ቀን ደግሞ ስለ ዳማው ጠይቂልኝ" አለኝ።

ደስ የሚላቸው ቀን ሳይመጣ ነቁብኝ።

"አባትሽ ነው የላከሽ?"

"ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት፣ ጋሼ።"

"ፈረሴ ሲሚንቶ ሲጎትት ከማይ እዚሁ ታስሮ ይሙት። በዪና ንገሪው።"

እኔ ያደግሁት በዚያ ሲሚንቶ ነው። 

ሚስታቸው እትዬ ደግሞ ፈረሱንም እሳቸውንም ይነካካሉ። "በሬ አይደል አያርስ፣ ላም አይደል አይታለብ" ይላሉ ድንች እየላጡ። "ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ ትቀለባላችሁ።"

"እሱ ተቀምጦ አይደለም፤ ቆሞ ነው" ይሏቸዋል ጋሼ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ማንበብ የጀመርኩት ሁለቱን ዝም ለማሰኘት ነው። የእንጅባራ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይሰማማም፤ እየጮህኩ ነበር የማነበው፤ በረዶ ሲቀላቀልበት ደግሞ እስኪያባራ እንጠብቃለን። መጀመሪያ ሽፋን የሌለውን የቻይና መጽሐፍ አነበብኩላቸው። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ ቆዩና፣ "ቀርከሃ አላቸው እንዴ?" አሉ።

"ቤቱም፣ አጥሩም፣ አልጋውም ቀርከሃ ነው።"

"እንግዲያው የኛው አገር፣ የባንጃ ሰዎች ናቸው" ብለው ዞሩ።

ስሞቹን አልያዟቸውም። አንዱን ሆዳሙ ዳኛ፣ አንዷን ያቺ የምታሳዝነው፣ ሌላውን ደግሞ ጎረቤታችንን ይመስላል ብለው በጎረቤታችን ስም ጠሩት። ጎረቤትየው ሊጠይቃቸው በመጣ ቁጥር ትንሽ ይኮሳተሩበት ጀመር። ያቺ የምታሳዝነዋ ስትሞት እትዬ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ "እኔ ቻይናን በፔርሙዝ ብቻ ነበር የማውቃት" አሉ።

ያ ሲያልቅ በስልኬ ያለውን የጃፓኑን ጀመርኩ። ይሄኛው በእንግሊዝኛ ስለነበረ ዓረፍተ ነገሩን በዓይኔ አይቼ በአፌ አማርኛ አደርገዋለሁ። አንድ ፈረሰኛ ደብዳቤ ይዞ በበረዶ ውስጥ ወደ ጌታው ቤት ይጋልባል። ጋሼ ትራስ አምጪ ብለው ቀና አሉ።

"ስንት ቀን ጋለበ?"

"ሦስት።"

"ገብስ መቼ ሰጠው?"

"አልተጻፈም።"

"ጸሐፊው ፈረስ የለውም" አሉ።

ሰውዬው መንገድ ላይ ወርዶ የፈረሱን የገለባ ጫማ እንደቀየረለት ሳነብ ግን አስቆሙኝ። ደግመሽ አንብቢው አሉ። ደገምኩ። እንዴት እንደሚታሰር ጠየቁኝ፤ አላውቅም አልኳቸው። ማምሻውን እትዬን ገለባ አስመጥተው ሲጎነጉኑ አመሹ፤ አልሆነላቸውም፤ ግን ከተሰበሩ ወዲህ እጃቸው ሥራ ሲይዝ ያየሁት ያኔ ነው።

ፈረሰኛው በአራተኛው ቀን ደረሰ። ፈረሱን በሩ ላይ ካለው ግንድ አሰረና ገባ። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ሁሉ ቤት ውስጥ ሆነ። ሻይ ተቀዳ፣ ፍቅር መጣ፣ ክብር ተነካ፣ ሰዎች በወረቀት በር ማዶ ሆነው ተደማመጡ። እኔ እንደዚያ ያለ የሚያምር ነገር አንብቤ አላውቅም ነበር። ጋሼ በየምዕራፉ መጨረሻ፣ "ፈረሱስ?" ይላሉ።

"ገና አልደረስንበትም።"

"በረዶው አላቆመም እኮ።"

የጃፓኑን በጀመርን በሦስተኛው ቀን ጠዋት እሳቸው ሳይነቁ ስልኬ ላይ ፈረስ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፌ ፈለግሁ። የመጨረሻው የተገኘው በሩ ላይ፣ ግንዱ ሥር ነው። ከዚያ በኋላ ባለው መጽሐፍ ውስጥ ፈረስ የሚል ቃል የለም። ጸሐፊው ረስቶታል።

ተርጓሚዋ እኔ ነኝ። እዚያ ቤት እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። አንድ ባለ ጋሪ መጥቶ ፈረሱን ፈታው፣ ገብስም ሰጠው ብዬ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብጨምር ማን ያውቅብኛል? ዓረፍተ ነገሯን ሠርቼ ጨርሼ ነበር፤ ጥሩም ነበረች። ግድግዳ የተደገፈው የአባቴ ጋሪ ዓይኔ ላይ ይመጣል።

የመጨረሻውን ገጽ ያነበብኩት ዝናቡ ቀለል ባለበት ሰዓት ነው። ፈረሰኛው እዚያው ቤት ውስጥ ሞተ። ጋሼ የጠየቁኝ ስለ ፈረሱ ነው።

"ማን ፈታው?"

"አልተጻፈም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ቆሞ ቀረ?"

"ቆሞ ቀረ።"

ስልኩን ቀና ብለው አዩት፤ እኔ የደበቅሁት ገጽ ያለ ይመስል። ከዚያ በክፍቱ በር ወደ ውጭ ተመለከቱ። ዳማው ከጣራው ጠብታ ሥር፣ ከወደቁ ጀምሮ በቆመበት ቦታ ቆሟል።

በማግስቱ ምርኩዝ ጠይቀው ወጡ። እትዬ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ደገፍናቸው። ጎንበስ ብለው የፈረሱን የኋላ እግሮች ዳበሱ። ከመቆም ብዛት አብጠዋል። ከዚያ በአዊኛ ረጅም ነገር ነገሩት። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ አዊኛዬ ገበያ አያሻግርም፤ ምን አሉት ብዬ እትዬን ጠየቅኋቸው።

"ተዪው" አሉኝ። "ለእኔ እንኳን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።"

ጋሼ ሳይዞሩ፣ "አባትሽን ጥሪው" አሉ።

አባቴ ቅዳሜ በሚኒባስ መጣ፤ አዲስ ገመድ ገዝቶ ይዟል።

"ገመዱ ለማን ነው?" አሉት ጋሼ።

"ለሱ ነዋ። እየሳብኩ ልወስደው።"

"ከዚህ ደጅ በገመድ ተስቦ አይወጣም። ተቀምጠህበት ነው የምትሄደው።"

"ኧረ ወንድሜ፣ እኔ ከጋሪ በቀር የተቀመጥኩበት ነገር የለም።"

"አይዞህ፣ ክረምት ነው፤ መሬቱ ለስላሳ ነው።"

እትዬ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። ጋሼ ቁመው ኮርቻው እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ልጓሙ ምን ያህል እንደሚላላ አሳዩት። ከዚያ ቃል አስገቡት፤ መንገድ ላይ ያለችው አዲስ ቅዳም ከተማ ሲደርስ ያሳርፈዋል። የእግሩ እብጠት እስኪጎድል ጋሪ ውስጥ አይገባም። ጥር ላይ ፈረሰኞቹ ሲወጡ እዚህ ይመጣል። ኮርቻው ደግሞ ሰኞ በሚኒባስ ይመለሳል። አባቴ ለሁሉም እሺ አለ፤ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ወጣ፤ ጃንጥላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ የፈረሱን ጋማ በሁለት እጁ ይዞ ሄደ። ጋሼ "ተረከዝህን ዝቅ፤ ጋሪ አይደለም፣ አታንቀው" እያሉ ከኋላው እየሳቁ ተጣሩ። በዚያ ክረምት ሲስቁ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። መንገዱ ሲታጠፍ ሳቁ አበቃ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። ስልኬን አነሳሁ።

"ፈረስ የሌለበት አንብቢልኝ" አሉኝ።

የሐር ትል ስለሚያረቡ አንዲት የቻይና እናትና ልጆቿ የሚያወራውን መረጥኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቅጠል የተጫነች በቅሎ መጣች። ዘለልኳት።